ከካሌሎንግ እስከ ካሲ፦ ስለ ካላንክ የእግር መንገድ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እኔና ሦስት ጓደኞቼ የምንኖረው ጀርመን ነው። በጁላይ አጋማሽ ለሦስት ቀናት በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ማርሴይ ልንሄድ አስበናል፤ ከካሌሎንግ እስከ ካሲ ያለውን የካላንክ የእግር መንገድም በአንድ ቀን ለመጨረስ አቅደናል። ከሁለት ዓመት በፊት ራስ ደጀን ወጥተናል፤ የካላንክ ከፍተኛው ተራራ ግን ስድስት መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም። አብረውን የሚመጡት የ63 ዓመት እናቴም በአንዱ ቀን ከእኛ ጋር ትንሽ ቢራመዱ ደስ ይላቸዋል። ዕቅዳችን ያስኬዳል?»

ምላሽ፦

በጁላይ አጋማሽ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ለመጨረስ ማቀዱን አልመክርም። ይህን የምለው ጉልበታችሁን ተጠራጥሬ አይደለም። በዚያ ወር መንገዱ በየትኛው ቀን ክፍት፣ በየትኛው ቀን ዝግ እንደሚሆን ከዋዜማው በፊት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ክፍት ሆኖ ቢገኝ እንኳን 28 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ መንገድ ዳር አንድ ምንጭ አታገኙም። ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ከድንጋዩ ጠባይ ስለሆነ፣ ስለ ዕቅዱ ዝርዝር ከመናገሬ በፊት ስለ ድንጋዩ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ከማርሴይ ደቡባዊ ዳርቻ እስከ ካሲ ከተማ የሚዘረጋው የካላንክ ጋራ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይኸውም የዛሬ 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ከተጠራቀመ የባሕር እንስሳት ቅሪት የተሠራ፣ ነጭና ጠንካራ ድንጋይ። ሰሜን ተራሮች ላይ የረገጣችሁት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ባዛልት ነበር፤ በዚያ ተራራ ዝናቡ በአፈሩና በድንጋዩ ንብርብር መካከል እየተያዘ በየሸለቆው ምንጭና ጅረት ሆኖ ይወጣል። የኖራ ድንጋይ ግን እንዲህ አይደለም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለል ያለ አሲድ ያደርገዋል፤ ይህ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን በዘመናት ብዛት ያሟሟዋል፤ ስንጥቁ ሰፍቶ ቦይ፣ ቦዩ ሰፍቶ ዋሻ ይሆናል፤ በመጨረሻም ላይ ላዩ ደርቆ ወንዙ ከመሬት በታች ይሄዳል። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም፤ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋዩ ሆድ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ሲወጣ በዓይኑ ተመልክቷልና።

ካላንክ ላይ ይኸው ነገር ሲሆን ወንዙ የሚወጣው ከባሕር በታች ነው። ከካሲ አጠገብ ፖርሚዩ በተባለው ሰርጥ ከድንጋዩ ሥር የሚፈስ ወንዝ አለ፤ ጠላቂዎች ዋሻውን ተከትለው ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ወርደውበታል። በ1970ዎቹ ይህን ውሃ ለመጠጥ ለማዋል ታስቦ በዋሻው ውስጥ ግድብ ተሠርቶ ነበር፤ ሆኖም የባሕሩ ጨው በሌላ ጥልቅ መንገድ እየገባ ውሃውን ስለሚቀላቅለው አሳቡ አልተሳካም። በሌላ አነጋገር በጋራው ላይ የሚዘንበው ውሃ ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ያልፋል፤ ለእናንተ ግን አንዲት ጠብታ አይተርፍም።

«ካላንክ» የሚለው ስምም የሚያመለክተው ያንኑ ታሪክ ነው። ካላንክ ማለት ግራና ቀኙ ገደል የሆነ፣ ባሕሩ ዘልቆ የገባበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ሸለቆዎቹን የቆረጠው ባሕሩ አይደለም፤ ባሕሩ ዝቅ ባለበት ዘመን የነበሩ ወራጅ ውሃዎች ናቸው፤ ባሕሩ በኋላ መጥቶ ሞላቸው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በሞርጂዩ አቅራቢያ የሚገኘው የኮስኬር ዋሻ ነው። ዛሬ መግቢያው ከባሕር ወለል 37 ሜትር ዝቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይገኛል፤ ውስጡ ግን እስከ 33,000 ዓመት ገደማ የሚደርስ ዕድሜ ያላቸው የእጅ አሻራዎችና የፈረስ፣ የጎሽ፣ ከዚያም አልፎ የባሕር ወፍ ሥዕሎች አሉበት። ሥዕሎቹን የሠሩት ሰዎች በእግራቸው ሄደው በደረቅ መሬት ገብተዋል፤ ያን ጊዜ በየብስ ላይ የተከማቸው በረዶ ባሕሩን ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ አድርጎት ነበርና።

አሁን ወደ ከፍታው ልመለስ፤ የጥያቄዎ መሠረት እሱ ስለሆነ። የጋራው ከፍተኛ ጫፍ የሆነው የፒዩጄ ተራራ ከ560 ሜትር ብዙም እንደማይበልጥ ትክክል ነዎት። ነገር ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ጉዞው የሚጀመረው ሦስት ሺህ ሜትርን ካለፈ ከፍታ ሲሆን፣ የሚያደክመው የአየሩ መሳሳትና ብርዱ ነው፤ አስጎብኚና ስካውት አብረዋችሁ አሉ፤ ጓዙን በቅሎ ይሸከማል፤ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ሜዳው ሜዳ ነው። ካላንክ ላይ ግን ከባሕር ጠርዝ ተነሥታችሁ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ወጥታችሁ እንደገና ወደ ባሕር ጠርዝ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያም እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። የቀኑ መውጫ ሲደመር ከአንድ ሺህ ሜትር በብዙ ያልፋል፤ ውሃውንም ምሳውንም የምትሸከሙት እናንተው ናችሁ። ቁልቁለቱ ደግሞ ከአቀበቱ ይብሳል፤ በኖራ ድንጋይ ላይ ብዙ እግር ሲመላለስበት ገጹ እንደ ዕብነ በረድ ይለሰልሳል፤ በደረቅ ቀን እንኳን ያንሸራትታል፤ ዝናብ ከነካው በኋላማ ሳሙና ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጋራ የሚደርሱ ብዙ አደጋዎች የመውደቅ ሳይሆኑ የመንሸራተት፣ የቁርጭምጭሚት መታጠፍና የውሃ ጥም ናቸው።

መንገዱ ነጭና ቀይ ቀለም የተቀባ ሲሆን በፈረንሳይ የረጅም መንገዶች ቁጥር 98-51 ይባላል። ለጠቅላላው ርቀት በአብዛኛው የሚሰጠው ግምት ከ11 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ይህም ዕረፍትን፣ ፎቶግራፍንና መታጠብን ሳይጨምር ነው። ከካሌሎንግ ተነሥቶ ወደ ማርሴይቬር ሰርጥ የሚወስደው የመጀመሪያው ክፍል በባሕሩ ዳር የሚሄድ፣ ዓይን የሚያሳርፍ ነው። እዚህ ዳርቻ ላይ የማርሴይ ሰዎች «የአማት ትራስ» የሚሉትን ቁጥቋጦ ታያላችሁ፤ ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ትራስ ይመስላል፤ ሲቀመጡበት እሾህ ብቻ ነው። (አማቶች ይቅር ይበሉን፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።) ተክሉ የሚበቅለው የባሕሩ ነፋስና ጨው በሚመታው ጠባብ ዳርቻ ላይ ብቻ ስለሆነና ስለሚጠበቅ፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ እንዳትረግጡት አደራ። ቀጥሎ ኮርቲዩ ላይ ክፉ ሽታ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ፤ የማርሴይ ከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ባሕር የሚለቀቀው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ሶርሚዩና ሞርጂዩ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ትንንሽ የዓሣ አጥማጅ ቤቶችና ጥቂት ምግብ ቤቶች ያሏቸው ሰርጦች ናቸው። ምግብ ቤቶቹ ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም፤ ስለዚህ ውሃችሁን በእነሱ ተስፋ አታስቡ።

የመንገዱ ልብ ከሱጂቶን ሰርጥ እስከ አንቮ ሰርጥ ያለው ነው፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው። ከሱጂቶን በላይ ወደ ካንዴል በር ትወጣላችሁ፤ «በር» ስል ጣርማ በር እንደምንለው በሁለት ተራራ መካከል ያለውን መሻገሪያ ማለቴ ነው። በአንዳንድ ቦታ በእጅ ድንጋይ መያዝ ግድ ይላል፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ካለ እዚህ ላይ ይቸገራል። ከበሩ በኋላ መንገዱ የደቨንሶንን ገደል አናት ይይዝና ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ገደል በቀኝ እየተወ፣ በየስርጓጉጡ ወጣ ገባ እያለ፣ ከካርታው ላይ አጭር የሚመስለውን ርቀት ሰዓታት ያስበላል። ውበቱ በዚህ ተራራ ካለው ሁሉ ይበልጣል፤ ወደ ኋላ የሚመለስም ሆነ ወደ ጎን የሚያወጣ ቀላል መንገድ ግን የለውም። እኔ ራሴ አንድ የሜይ ቀን፣ ሙቀቱ ገና ነው ብዬ ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ ይዤ ገብቼበት፣ ገና ደቨንሶን ላይ ሳለሁ ኮዳዬ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተጓዝኩትን ሁለት ሰዓት ተኩል አልረሳውም፤ ባሕሩ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ከታች ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ሁሉ ውሃ ግን አንድ ጉንጭ የሚጠጣ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በማንኛውም ወቅት ለአንድ ሰው ከሦስት ሊትር በታች ይዤ አልገባም፤ በሞቃቱ የአውሮፓ በጋ ደግሞ ይህን ክፍል ጨርሶ አልሄድም።

የመዘጋቱን ጉዳይ ላስረዳ። ውሃ የማይዘው ድንጋይ የሚሸከመው አፈር ስስ ነው፤ በዚያ ስስ አፈር ላይ የሚበቅሉት ፓይን፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና እሾሃማ የኦክ ቁጥቋጦ በዘይትና በሙጫ የተሞሉ ስለሆኑ በበጋ መጨረሻ እንደ ክብሪት ናቸው። በዚህ ላይ ከሰሜን በሮን ወንዝ ሸለቆ እየተጠራቀመ የሚወርደው ሚስትራል የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ አንድ የተጣለ ሲጋራ የሚያደርሰውን ማንም ሊገታው አይችልም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 የተነሣ ሰደድ እሳት በዚሁ ጋራ ከ300 ሄክታር በላይ አቃጥሏል። ከቃጠሎ በኋላ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ባሕር ስለሚወስደው፣ የተቃጠለው ቦታ ዳግም ዛፍ እስኪያበቅል ረጅም ዘመን ይፈጃል።

ስለዚህ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው ጊዜ ወደ ጋራው መግባት የሚፈቀደው በየቀኑ በሚወጣ የአደጋ ደረጃ ነው። ደረጃው በቀለም የሚገለጽ ሲሆን የነገው ቀለም የሚታወቀው ዛሬ ማምሻውን ነው፤ ቀለሙ ቀይ ከሆነ በእግር መግባት ቀኑን ሙሉ የተከለከለ ነው፤ ጥሶ የተገኘም ይቀጣል። ሚስትራል በሚነፍስበት ሳምንት ሦስት ቀን በተከታታይ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ሦስት ቀናት እነዚያ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ያዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ ስሙ «ሜ ካላንክ» ይባላል፤ ቀለሙን የምታዩት በእሱ ነው። ወደ ሱጂቶን ሰርጥ ለመውረድ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ከ2022 ወዲህ በበጋ ዋና ቀናት አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ ግዴታ ነው። ክፍያ የለውም፤ ግን በቀን የሚገቡት 400 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በተጨናነቀ ቀን እስከ 2,500 ሰው ይወርድበት ነበር፤ የዛፎቹ ሥር ተገልጦ አፈሩ ሁሉ እየተንሸራተተ ስለነበር እርምጃው የዘገየ እንጂ የበዛ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ፓርኩ ራሱ የተቋቋመው በ2012 ሲሆን ሚሊዮን ሰው ሊሞላ ከተቃረበ ከተማ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። ሲጋራ ማጨስ፣ እሳት ማንደድ፣ ድንኳን መትከልና ማደር፣ ድሮን ማብረር፣ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ መልቀቅ አይፈቀድም። ገደል ጫፍ ላይ ቡና አፍልተን እንጠጣ የሚል ከመካከላችሁ ካለ፣ ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ ይያዝ።

እንግዲህ ዕቅዱን እንዴት ታስተካክሉት? ከሁሉ የተሻለው ቀኑን ማዛወር ነው። ኤፕሪልና ሜይ እንዲሁም ኦክቶበር ለዚህ ጋራ የተሠሩ ወራት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ኦክቶበር ላይ ባሕሩ ገና አይቀዘቅዝም፤ የቀለም ገደቡም ያበቃል። ኦክቶበርን ከመረጣችሁ ግን ሁለት ነገር አስቡ፤ የመኸር ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል፤ ቀኑም ያጥራል፤ ስለዚህ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል። ቀኑን ማዛወር ከቻላችሁ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት። ማደር ስለማይፈቀድ የማርሴይ ዳርቻ በሆነው በሊዩሚኒ በኩል ወጥታችሁ ማርሴይ አድራችሁ በማግስቱ በዚያው በኩል መመለስ አለባችሁ፤ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ ጓዙን ያቀልላል። በመጀመሪያው ቀን ከማርሴይ በ19 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ላ ማድራግ ደ ሞንትረዶን፣ ከዚያ በ20 ቁጥር እስከ ካሌሎንግ ሂዱና በእግር ጀምሩ፤ ሱጂቶን ስትደርሱ ወደ ሊዩሚኒ ውጡና በቢ1 አውቶቡስ ከተማ ግቡ። በሁለተኛው ቀን በዚሁ አውቶቡስ በማለዳ ሊዩሚኒ ተመልሳችሁ ካንዴልን፣ ደቨንሶንን፣ አንቮን ይዛችሁ ካሲ ግቡ። እንዲህ ሲከፈል ከባዱ ክፍል በትኩስ ጉልበትና በማለዳ ጥላ ይወድቅላችኋል፤ በአንድ ቀን ከሄዳችሁት ግን ደቨንሶን ላይ የምትደርሱት በቀኑ ማብቂያ፣ በደከመ እግርና በጎደለ ኮዳ ነው። ለዚህም ነው የአንድ ቀኑን ዕቅድ በጥሩ ወቅት እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የማልመክረው።

ጁላይን መለወጥ የማይቻል ከሆነ ረጅሙን መንገድ ተዉትና አጫጭሮቹን ያዙ። ከካሲ ተነሥቶ ፖርሚዩን አልፎ ፖርፓን ድረስ ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከፖርፓን እስከ አንቮ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨምራል። ወደ አንቮ የሚያወርደው የመጨረሻው ቁልቁለት እጅግ አንሸራታች ነው፤ ሶሉ ያለቀ ስፖርት ጫማ ወይም ሰንደል አድርጎ የሚወርድ ሰው ሁልጊዜ አያለሁ፤ ሁልጊዜም ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ብትመለሱ ሙቀቱን ታመልጣላችሁ። ነጩ ድንጋይ ፀሐይን ከታች መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቆብ ብቻውን አይበቃም፤ ዓይንም መነጽር ይፈልጋል።

ስለ እናትዎ የጠየቁት በእኔ ግምት ከጥያቄዎ ሁሉ በቀላሉ የሚመለሰው ነው። ከሊዩሚኒ ወደ ሱጂቶን በር የሚወስደው መንገድ ሰፊ፣ ተዳፋቱ ለስላሳ፣ በከፊልም ጥላ ያለው ሲሆን ጉልበታቸው ደህና ለሆነ የ63 ዓመት ሰው አያስቸግርም። በቀስታ ቢራመዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ አጠገብ ካለው መመልከቻ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ላይ ሱጂቶንና ሞርጂዩን፣ ከባሕሩም ባሻገር ደሴቶቹን ሳይወርዱ ያያሉ። ወደ ሰርጡ መውረዱን ግን ይተዉት፤ የሚያስቸግረው መውረዱ ሳይሆን በቀትር ፀሐይ መልሶ መውጣቱ ነው። ቀለሙ ቀይ ከሆነ ደግሞ ከካሲ ወደብ የሚነሡት ጀልባዎች ሰርጦቹን ከባሕር በኩል ያሳያሉ፤ የእግር እገዳው ጀልባውን አይመለከትም፤ ኃይለኛ ነፋስ ካለ ግን እነሱም አይወጡም። በእንዲህ ያለው ቀን ማርሴይ ወደብ ላይ በ2022 የተከፈተውን የኮስኬር ዋሻ ቅጂ ማየት ይቻላል፤ ዋናውን ዋሻ ለሕዝብ ማሳየት ስለማይቻል ሥዕሎቹ በሙሉ መጠናቸው እንደገና የተሠሩት እዚያ ነው።

ከካሲ በስተምሥራቅ የሚታየውን ቀይ ቡናማ ገደል ከካላንክ ጋር የሚደባልቁ ብዙዎች ናቸው። ካፕ ካናይ ይባላል፤ ድንጋዩ የአሸዋና የጠጠር ድንጋይ እንጂ ነጩ የኖራ ድንጋይ አይደለም። አናቱ ላይ ያለው ገደል ጠርዙ የሚፈረፈር ስለሆነ ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ጫፉ መጠጋት አይገባም።

ጥቂት ትንንሽ ነገሮች ቀሩኝ። በሰርጦቹ ውስጥ የስልክ መስመር ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ በ1፡15,000 መጠን የታተመ የወረቀት ካርታም አለና አንዳችሁ ያዙ። በጋራው ላይ ከነጭና ቀዩ ሌላ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለሞች በየድንጋዩ ተቀብተው ታገኛላችሁ፤ እነዚህ የአካባቢ መንገዶች ሲሆኑ አንዳንዶቹ ገመድ ለሚይዙ ተራራ ወጪዎች እንጂ ለእግረኛ የሚሆኑ አይደሉም፤ በካርታው ላይ ሳታረጋግጡ አትከተሏቸው። አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉ፤ የቆማችሁበትን ሰርጥ ወይም በር ስም ለይታችሁ መናገር ከቻላችሁ ሄሊኮፕተሩ ፈጥኖ ያገኛችኋል፤ ስለዚህ የቦታዎቹን ስሞች ከመነሣታችሁ በፊት አራታችሁም አጥኗቸው።